ከቆርቆሮው ማዶ ያለው አሚን

ቆይ፣ መጀመሪያ ልሣቅ። ኬሪያ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ በቂጧ ቁጭ ያለችበት ማታ ትዝ ባለኝ ቁጥር እንዲህ ነኝ፤ ሆዴን ይዤ ነው የማወራው። ግን ዋናው ሳፋው አይደለም። ዋናው ከኋላ ነው የሚመጣው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጅጅጋ ነው፤ የሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ሰው እየተበተነ፣ ገሚሱ ወደ አገሩ ገሚሱ ወደ ከተማ በሚገባበት ሰሞን።

ለተሥላሴ የወታደር ሚስት ሆና መጥታ የወታደር መበለት ሆና የቀረች ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ጆሲ። እሱም በቦሳሶ አድርጌ ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም።

ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢዋ መሃል ትቆምና ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። «ልጄን ከባሕሩም ከበረሃውም አውጣልኝ» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ድሮ አሜን የሚላት ባሏ ነበር። ምርቃት አሜን ባይ ካላገኘ መንገድ ላይ ይቀራል ስትባል ነው ያደገችው። ራሷ መርቃ ራሷ አሜን እንዳትል ደግሞ ራስን በራስ እንደ ማዘል ሆነባት። እናም ዝም ብላ ትገባለች። የጆሲን ሳህን ሳታወርድ ለብቻዋ ትበላለች።

አንድ ማታ ታዲያ፣ እጇን እንደዘረጋች፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ሰፈር የሚሰማው የወንድ ድምፅ «አሚን» አለ።

አዲሱ ጎረቤት ነው፣ ዋበሪ። ከካምፕ የመጣ ሽማግሌ ነው። ልጁ ፋርቱን ገበያ ሳሙና ስትሸጥ ውላ ሲመሽ ትገባለች፤ እሱ አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ይውላል። አጥሩ ላይ ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አለች።

በማግስቱም አሚን አለ። በሦስተኛውም። ለተሥላሴ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስንት ጊዜዋ።

ግን ጥርጣሬ ገባት። መሪጌታ ዘነበ ዘንድ ሄደች።

«መሪጌታ፣ እስላም ያለው አሜን ለልጄ ይሆነዋል?»

«ቃሉ የማን መሰለሽ?» አሏት። «ከዕብራይስጥ ነው የመጣው። እኛም ተቀበልነው፣ እነሱም ተቀበሉት። የጸና፣ የታመነ፣ እውነት ይሁን ማለት ነው። ‹አመነ› የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። ሰምቶ አሜን ያለ ሰው ሸክሙን አብሮሽ ተሸከመ ማለት ነው።»

ይህን ለጎረቤቷ ለኬሪያ ነገረቻት። ኬሪያ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ የማታውቀው የሰው ጉዳይ የለም።

«እኛ ጋ ‹ጌታዬ ተቀበል› ነው» አለች ኬሪያ። «ሶላት ላይ ከፋቲሐ በኋላ ሁሉም ይለዋል። የቃሉስ ነገር ይሁን። እኔን ያሳሰበኝ ሰውየው ነው። ሽማግሌው አሚን የሚለው ለጆሲ እንዳይመስልሽ፤ ላንቺ ነው።»

«ተይ አንቺ፣ የልጅ አባት ነው።»

«ኩራቱስ? በር ላይ በሶማሊኛ ሰላም ብለው ዞርም አላለልኝ። መኪና ጡሩምባ ቢነፋበት ከመሃል መንገድ አይወርድም፤ አስፋልቱን የገዛው ይመስል። ትናንትስ? ነጠላሽን ገመድ ላይ እየሰቀልሽ ውሃ ሻጩን ‹አህያው ይሙትበት› ስትይ፣ አሚን አላለም? ይሄ ሰው ምንሽንም ያዳምጣል። እንፈትነው።»

ለተሥላሴ እንቢ አለች። ኬሪያ ደግሞ እንቢ የምትባል ሴት አይደለችም።

ማታ ኬሪያ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አፏን በሻሿ ይዛ ጠበቀች። ለተሥላሴ እጇን ዘርግታ «ይህን ሽማግሌ ከጎረቤቴ ንቀልልኝ» አለች።

«አሚን» አለ ዋበሪ፣ ከወትሮው ጠንከር አድርጎ።

ኬሪያ ሳፋው ውስጥ የገባችው ያኔ ነው። ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ትስቃለች። «በራሱ ላይ አሚን አለ። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም።»

ለተሥላሴ ግን አልሳቀችም።

«ለማንኛውም ያቺ ቀዳዳ ትደፈን» አለች ኬሪያ ቀሚሷን እየጨመቀች። «አማርኛ ባያውቅም ዓይን አለው። አሚኑ እንደሆነ ቆርቆሮ አያግደውም።» በማግስቱም አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አምጥታ በሚስማር መታችው።

ያን ማታ ለተሥላሴ መረቀች። ከማዶ ዝም። በማግስቱም መረቀች። ዝም። ድምጿን ከፍ አድርጋ የጆሲን ስም ሁለቴ ጠራች። አሁንም ዝም።

«እርግማኑ ደረሰበት» አለች ለኬሪያ። «በገዛ አፌ አሜን ባዬን ነቀልኩት። አሁን ልጄን ማን ያውጣልኝ?»



ለተሥላሴ አንድ ኪሎ ስኳር በፌስታል ይዛ ብቻዋን ሄዳ የማዶውን በር አንኳኳች። ፋርቱን ከፈተችላት። ሽማግሌው በሕይወት አለ፤ አጥሩ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ አዲሱን ቁራጭ ቆርቆሮ ያያል። በሩ ሲንኳኳም፣ ሲከፈትም፣ ዞር አላለም።

«ልጄ፣ አባትሽ ተቀይሞኛል» አለች ለተሥላሴ። «ክፉ ነገር ተናግሬ ሰምቶኛል። ከልቤ አልነበረም በይልኝ።»

ፋርቱን አባቷን አየች፣ ስኳሩን አየች፣ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«የተናገሩትን አልሰማም፣ እትዬ። ሀርጌሳ ላይ ቦምብ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ አባቴ ምንም አይሰማም። ይልቅ ቆርቆሮውን አንሱለት፤ ሲመሽ እጅዎን እየፈለገ ነው።»