አርቪድ ያልፈረመበት ወረቀት

«ይሄ ሁሉ ፊርማ ያንቺ እጅ ነው» እላታለሁ የአረጋውያኑን ምሳ የምታበስለውን ቬርናን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ቬርና ድንቹን መላጧን አታቆምም። «እና የማን እንዲሆን ፈለግሽ?»

የምሳ መዝገቡን ወደ ኋላ እገልጣለሁ። የየካቲቱም፣ የጥሩም፣ የታኅሣሡም ገጽ ያው ነው። ሃያ ሁለት ስም፣ ሃያ ሁለት ፊርማ፣ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበለ የቬርና ጽሕፈት። አጭበርባሪ ብትሆን እንኳ ትንሽ ለወጥ ለወጥ ታደርገው ነበር።

የኛ መሥሪያ ቤት ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣውን የአረጋውያን ምሳ ገንዘብ ለየወረዳው ያከፋፍላል። ካከፋፈለ በኋላ ሄዶ ማየት ግዴታው ነው። ይህን ወረዳ የማየው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ደግሞ በስልክ ነው። «ቬርና፣ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» ከዚያ ቅጹ ላይ «ተጎብኝቷል» የሚለው ጋ ምልክት አደርጋለሁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አምና ኦዲተሮቹ የጉዞዬን የነዳጅ ደረሰኝ ጠየቁ፤ አንድም አልነበረም።

ያልተደረገው ጉብኝት በኦዲት ግኝትነት ተጻፈ። እስከ ዓርብ ድረስ በአካል መጥቼ ካልጎበኘሁ፣ የጎደለውንም ካላስተካከልኩ፣ የዚህ ወጥ ቤት ገንዘብ ይቆማል። በሰባ ማይል ዙሪያ ሌላ የለም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ራሳቸው ለምን አይፈርሙም?»

ቬርና የገጹን አናት በቢላዋዋ ጫፍ ታሳየኛለች። «እርዳታ መቀበሌን አረጋግጣለሁ» ይላል። «እስቲ ይህን ይዘሽ ለነዚህ ገበሬዎች ብዕር አቀብዪ። አባትሽ ይፈርም ነበር?»

አባቴ ኦርቪል አይፈርምም ነበር። በረዶ ስንዴያችንን ባወደመበት ዓመት ጎረቤት ያመጣለትን ዱቄት፣ እንቁላል ጨምሮበት የመለሰ ሰው ነው። የገጹን ቃል እንዳልቀይረው ደግሞ የጻፉት ከኛ በላይ ያሉት ናቸው።

«መጻፍ አለብኝ፣ ቬርና።»

«ጻፊዋ። የስልኩንም ጻፊው ታዲያ። የኔን ብቻ ጽፈሽ እንዳትሄጂ።»

ፊቴ ይግላል። ልክ ናት።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ይዘው ወጥ ቤቱ ወዳለበት ምድር ቤት ይወርዳሉ። ኮት ያወልቃሉ፤ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ፤ ይቀመጣሉ። ቬርና ሥጋና ድንቹን ስታዞር እኔ መዝገቡን ይዤ እቆማለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚበላ ሰው ራሱ ይፈርማል» እላለሁ። «ካልሆነ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ጥፋቱ የቬርና አይደለም። መጥቼ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አልመጣሁም።»



«አንቺ የኦርቪል ልጅ አይደለሽም?» ትላለች ጊዳ የምትባል አሮጊት ከጥግ። «አምጪው ወዲህ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን የሚፈልግ ሰው ተገኘ።» ሁለት ሦስቱ ይስቃሉ። ጊዳ ትፈርማለች፤ ጎረቤቷም ይፈርማል። ወረቀቱ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ አንዳንዱ ሳያነብ፣ አንዳንዱ በእጁ ከልሎ ይፈርማል።

መጨረሻ ላይ አርቪድ ጋ ይደርሳል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን የቀበረው አምና ነው። መነጽሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ከዚያ መዝገቡን በሁለት እጁ ይዘጋል።

«እኔ እርዳታ ተቀባይ አይደለሁም» ይላል። «የምመጣው ሰው ስላለ ነው።»

«ወረቀት ነው፣ አርቪድ። እባክዎ ይቀመጡ።»

«ወረቀት መሆኑንማ አየሁት።» ኮቱን ያነሳል። «አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።» ሳህኑን ሳይነካ ደረጃውን ይወጣል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው ሰው የሚከበረው።

ቬርና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና ብዕሩን ታነሳለች። መዝገቡ ላይ መዳፌን አሳርፋለሁ።

«አይሆንም፣ ቬርና።»

«ካልፈረመ አይበላም ማለት ነው?»

«በዚህ ገንዘብ አይበላም።»

ቀና ብላ ታየኛለች። አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ስንሳሳቅ ይህ ዓይን እንዳላት አላውቅም ነበር። እንድትሰድበኝ እፈልጋለሁ፤ አትሰድበኝም። ብዕሩን አስቀምጣ ከመደርደሪያው ሥር የእጅ ቦርሳዋን ታወጣለች። ከውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ፣ ለራሷ ከቤቷ የያዘችው ምሳ። ካፖርት ሳትደርብ ደረጃውን ትወጣለች።

እኔ ቁጭ ብዬ ቅጹን እሞላለሁ። የተገኘ ሃያ ሁለት፣ የበላና የፈረመ ሃያ አንድ። ከሥሩ «ቀደም ያሉት ፊርማዎች የተቀባዮቹ አይደሉም፤ ቀደም ያሉት ጉብኝቶችም አልተደረጉም» ብዬ እጽፍና ስሜን አኖርበታለሁ። ከዚያ «ተስተካክሏል» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ።

ጣሪያው ሥር፣ ከመሬቱ እኩል በሆነችው ጠባብ መስኮት፣ የአርቪድ ቦት ጫማ ይታያል። አልሄደም። አጠገቡ የቬርና የወጥ ቤት ነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆሟል። በመካከላቸው የዳቦ ፍርፋሪ ይወድቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ።