የማዕዘኗ ጠጠር
ተነስቶ መሄድ ነውር ባይሆን ኖሮ ናሪ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በሰሌዳ ላይ ከሚደረደርበት ከሴኡሉ የባዱክ ጨዋታ አዳራሽ ሮጣ ትወጣ ነበር። የባለሙያነት ማዕረግ የሚያሰጠውን የመጨረሻ ጨዋታ ተሸንፋለች፤ ለከርሞ እንዳትሞክር የዕድሜ ገደቡ ያልፍባታል። ተሸናፊ ግን ከአሸናፊው ጋር ተቀምጦ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጠጠር አንስቶ እንደገና ደርድሮ፣ የት እንደተሳሳተ መማር አለበት። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጥቁሮቹን ትደረድር ጀመር፤ ወጣቱ ተጋጣሚዋ ነጮቹን። ሽማግሌው መምህሯ ከጀርባዋ ቆመው ያያሉ።

አንዲት ጥቁር ጠጠር የሰሌዳው ማዕዘን ላይ ስታሳርፍ ወጣቱ ጣቱን ሰደደ። «እህቴ፣ እዚህ ጋ ነው ያለቀልሽ። ይቺን እኮ ዛሬ ማንም አይጫወታትም፤ ኮምፒውተር መርምሮ ውድቅ ካደረጋት ቆየ።» ሳቅ አለ። «ለመሆኑ ማነው ያስተማረሽ?»

ናሪ አቀረቀረች። ያቺን ጠጠር መምህሯ ነበሩ፣ ገና በልጅነቷ እጇን ይዘው፣ «የኛ ቤት ማኅተም ናት» እያሉ ያስለመዷት። «ማንም፤ የራሴ አጉል ድፍረት ነው» አለች፣ እሳቸውን ከሐፍረት ልታድን። ከጀርባዋ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «ስንቴ ነገርኳት!» አሉ መምህሯ ለወጣቱ። «ተይ፣ ይቺ አትሆንም አልኳት። ሰው ምክር አልሰማ ካለ ምን ይደረጋል?» ናሪ ዞራ አላየቻቸውም። ጠጠሯን ከማዕዘኑ አንስታ እስክትሞቅ ድረስ በመዳፏ ጨበጠቻት።

«ቀጥል» አለችው ወጣቱን፤ «ገና እየተማርኩ ነው።»