ለሦስት የተካፈለ ሐዘን

የደም ግፊት ክኒኔን ልወስድ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ነው ሐዘኔንም ያወረዱልኝ። ዘንድሮ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ግፊትንም ሐዘንንም አንድ ላይ ያነባል፤ ሐዘኑ ከልክ ካለፈ የጤና ቡድኑ ይካፈለዋል። የእኔን ዶክተሩ፣ ነርሷና የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትርንጎ ለሦስት ተካፈሉት። የልጄ የብርነሽ አርባ ገና አልወጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክኒኔንም አልረሳም።

ዛሬ ጠዋት ትርንጎ ለክትትል ቤቴ መጣች። ከስታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። በርጩማ ሰጠኋትና ፀጉሬን ማበጠሬን ቀጠልኩ። ማበጠሪያው የብርነሽ ነው። ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው የእሷ ፀጉር ስላስቸገረኝ ነቅዬ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ትርንጎ ከበርጩማው ተነስታ ቅርጫቱ አጠገብ ተንበረከከች። ፀጉሩን አንድ በአንድ ለቅማ በመሐረቧ ቋጠረችው። ከዚያ ደረቷን እየደቃች፣ "እንጎቻዬ! እንጎቻዬ!" እያለች ታለቅስ ጀመር። ልጄን እንዲህ ብዬ የምጠራት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምንም አይሰማዎትም?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ እኮ፣ ልጄ።"

ብቻዋን ስታለቅስ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እግዜር ያጥናሽ" አልኳት።