የልብስ ሰፊዋ እንጉርጉሮ

ሽማግሌው አዲሱን ኤምፒ ስሪ ከካርቶኑ አውጥቶ የሟች ሚስቱን ሚሞሪ በጥፍሩ ገፍቶ ከተተበት። ሻጩ፣ "አባባ፣ አሮጌውን ላጥፋውና አዳዲስ ዘፈን ልጫንልዎ" ብሎት ነበር። እሱ ግን የገዛው ለአሮጌው ሲል ነው፤ ሚስቱ ልብስ ስትሰፋ ያንጎራጎረችውን በስልኳ ቀድታው ነበር።

ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ጨርቅ ከለበሰው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ መኪናው ሲሰፋ ተሰማው፤ ቀጥሎ የእሷ እንጉርጉሮ መጣ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። ድንገት አንድ ወንድ፣ "ኧረ ባክሽ ዝም በይልኝ፣ ጭንቅላቴን በጠበጥሽው!" ብሎ ጮኸባት።

"ማን አባቱ ነው ይሄ?" አለ ሽማግሌው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። ወዲያው ድምፁን ለየው፤ የገዛ ራሱ ነበር።

ቀረጻው ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። ትቀጥል ይሆናል ብሎ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። መኪናው ብቻ ይሰፋ ነበር።