የማሽን ቁጥር ሁለት በር

በር ማለት የውስጡን ከውጭው የሚለይ፣ ሲያስፈልግ የሚከፈት፣ ሲያስፈልግ የሚዘጋ ነገር ነው። የኤክስሬይ ማሽን በር ደግሞ ካልተዘጋ ጨረሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መቆለፊያ አለው። መቆለፊያውን ያታለለ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይባረራል። ደንቡን የጻፈው ቬሉ ነው፤ በማሌዥያ፣ የፔናንጉ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የደኅንነት ኃላፊ።

ማሽን ቁጥር ሁለት ላይ ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ሮሐያ ናት። ፋብሪካው በሙሉ «ካክ» እያለ በታላቅ እህትነት ይጠራታል። ቦርዱን ታስገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከቺፑ ሆድ ሥር የተደበቁትን የብየዳ ነጥቦች በስክሪኑ ታያለች። አየር የቋጠረ ነጥብ ካየች ቦርዱን ትመልሳለች። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም መጥፎ ቦርድ አላመለጣትም ይባላል።

ሰኞ ዕለት ቬሉ እንደ ወትሮው የጨረር መለኪያውን ይዞ ሲዞር፣ ማሽን ቁጥር ሁለት አጠገብ መለኪያው መንጣጣት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ተረኛው ኦንግ ሲቀመጥበት ዝም አለ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ማሽን ሰው አይመርጥም፣ ሲል አሰበ ቬሉ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ብላ ሁለት ሳምንት ኬላንታን ክፍለ ሀገር ቆይታ መምጣቷ ነው። ከኬላንታን የሚመለስ ሰው ለባልደረቦቹ የዓሣ ቺፕስ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ግን ባዶ እጇን ገባች። ምሳዋን ጥግ ይዛ ብቻዋን ትበላለች። የልብ ወዳጇ ሲው ላን፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ አጠገቧ ልትቀመጥ ወንበር ስትስብ ሳህኗን አንሥታ ሄደች። ሥራ ላይም ማንንም አታስጠጋም። ምስክር እየሸሸች ነው፣ አለ ቬሉ በልቡ።

ኦንግ ሲጠየቅ ሳቀ።

«በሩን እየዘጋች ቢሆን በቀን ይህን ሁሉ ቦርድ ከየት ታመጣዋለች?»

ሐሙስ ጠዋት ቬሉ በበሩ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ቢጫ ፕላስተር አገኘ፤ መቆለፊያ የሚታለለው እንዲህ ባለ ቁራጭ ነው። በቃው።

«ካክ፣ መቆለፊያውን ነክተዋል?»

«ስንት ዓመት ታውቀኛለህ፣ ቬሉ?»

«ደንቡ ዓመት አይቆጥርም።»

«ፕላስተሩ የኦንግ ነው። የሎተሪ ቁጥሩን ይለጥፍበታል። እስካሁንም አልወጣለትም።»

አላሳቀውም። የስንብት ደብዳቤዋ ታትሞ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የቀረው የመጨረሻውን ልኬት መመዝገብ ብቻ። ለማነጻጸሪያ እንዲሆነው ሶኬቱን በገዛ እጁ ነቀለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ኤሌክትሪክ የሌለው ማሽን ጨረር የለውም፤ መለኪያው ዝም ማለት ነበረበት።

አላለም።

ቬሉ መለኪያውን ወደ ማሽኑ በር አስጠጋው፤ ቀነሰ። ወደ ካክ ሮሐያ አዞረው፤ ባሰበት።

«ሠርግ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «የእንቅርት ካንሰር ነው። ሆስፒታል የሰጡኝ የጨረር ክኒን ገና ከሰውነቴ ወጥቶ አላለቀም።»

ደብዳቤው ከኪሱ አልወጣም። በዚያ ሳምንት ሪፖርት ላይ ቬሉ ማሽን ቁጥር ሁለት ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ጻፈ፤ ሌላ ምንም አልጻፈም።