ዝም ያለው ክር

ቀዶ ሐኪሟ ኮሌት የኤሌክትሪክ መፈተሻዋን ጫፍ በሕፃኗ ወገብ ስብ ውስጥ ወደተጋደመው ቀጭን ክር አስጠግታ ነካችው። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ፣ «ኦረስት፣ ምን አለ?» አለች።

ኦረስት ከሕፃኗ እግሮች የሚመጣውን ምልክት በማያ ገጹ ላይ ይከታተላል። «ጭጭ ነው። ጥር ላይ በረዶ የሆነው የዊኒፔግ ሐይቅ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይንጫጫል» አላት። ነርሷ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች። ኮሌት ክሩን ቆረጠችው።

ስብና ነርቭ አብረው ስለተወለዱ ዓይን አይለያቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክር ከመቆረጡ በፊት በኤሌክትሪክ ይጠየቃል፤ ነርቭ ከሆነ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ዝም ካለ ይቆረጣል።

ከጊምሊ ከተማ የመጣችው የሦስት ዓመቷ ሲግሩን ዛሬ ጠዋት አልጋ አልፈልግም ብላ በኮሪደሩ ስትሮጥ ነበር። ወገቧ ላይ ካለው ለስላሳ እብጠት በቀር አንዳች የጎደላት አልነበረም። እብጠቱ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ህብለ ሰረሰሯን ካስማ ላይ እንደታሰረ ገመድ ይዞታል፤ ቁመቷ በጨመረ ቁጥር እየወጠረ እግሯን ሊያዝለው፣ ሽንቷን መቆጣጠር ሊያሳጣት ይችላል። አባቷ፣ ደህና የሆነችውን ልጅ ለምን እንነካካታለን ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ፣ ደህና እንደሆነች እንድትቀር ብላ የመለሰችለት ኮሌት ናት።

መፈተሻውን ወደ ቀጣዩ ክር ስታሻግር ጫፉ በጎን ያለውን ወፍራም ነርቭ ነካው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሕፃኗን ባት ያስዘለለው ይህ ነርቭ ነበር።

«አየኸው?»

ኦረስት ወደ ማያ ገጹ ጠጋ አለ። «ምኑን?»

ደግማ ነካችው። ኦረስት የኤሌክትሪኩን ኃይል ጨመረ፤ ከዚያም በሕፃኗ ቁርጭምጭሚት ላይ በተለጠፈው ሽቦ በኩል በቀጥታ ላከ። እግሯ እንደተኛ ቀረ።

«ዌንዴል» አለ ወደ ማደንዘዣ ሐኪሙ ዞሮ፣ «የሰጠሃት ነገር አለ እንዴ?»

ዌንዴል ባልደረባውን ለምሳ ተክቶ ከገባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። «ቅድም፣ ይህን የመጨረሻውን ክር ከመንካትዎ በፊት፣ ትከሻዋን ነቅነቅ ስታደርግ ጊዜ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሰጠኋት» አለ። «እጅዎን እንዳታሳስትብዎት ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

በሌላ ቀዶ ሕክምና ቢሆን ምስጋና የሚገባው ጥንቃቄ ነበር። እዚህ ግን ክሩ ዝም ያለው ነርቭ ስላልሆነ ይሁን ወይም ጡንቻው መመለስ ስለተሳነው፣ የሚያውቅ አልነበረም።

ኮሌት እጇን በአየር ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዝምታን ከማመናችሁ በፊት እንደሚናገር የምታውቁትን ነርቭ ጠይቁ እያለች ተማሪዎቿን የምታሰለች እርሷ ነበረች። ዛሬም ጠዋት ጠይቃለች፤ ከአሥራ ዘጠኝ ክር በኋላ ግን ዝምታውን ለምዳው ነበር።

ዌንዴል ማርከሻውን ሰጠ። ሦስት ደቂቃ ጠበቁ። ኦረስት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጡንቻው መመለሱን ነገራቸው። ኮሌት ወፍራሙን ነርቭ ነካች፤ የሕፃኗ ባት ዘለለ።

የቀረው የተቆረጠው ክር ነበር። የታችኛው ጫፉ በስቡ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኮሌት» አለ ኦረስት፣ «ባትነኪውስ? አንዴ ተቆርጧል እኮ።»

«አባቷ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለችና መፈተሻውን አውርዳ የተቆረጠውን ጫፍ ነካች።

እግሮቿን ከሸፈነው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሥር የሲግሩን የግራ እግር አውራ ጣት ቀስ ብሎ ታጠፈ።