ሲንኳኳ የሚበራው አምፖል

«በር ማንኳኳት ነው ፕሮጀክትሽ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ...

የልጅቷ የክፍል ጓደኞች ለሳይንስ ፕሮጀክታቸው ድሮንና ሮቦት አቅደዋል።

እሷ ግን በር ሲንኳኳ ቤት ውስጥ አምፖል የሚያበራ ነገር ልሥራ አለች።

መምህሩ ዝም አሰኛቸውና «ለማን ነው?» አላት።

«ለአባቴ።»

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ጆሯቸው ከድቷቸዋል።

እንደማይሰሙ ለማንም አይናገሩም... ሰው ሲያወራቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እንግዳ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይመለሳል።

እሳቸው ደግሞ «ሰው ሁሉ ረሳኝ» ይላሉ።

ችግሩ... ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገብታ «እባካችሁ እርዱኝ» ብላ ጻፈች።

«ጎግል የሚባል ነገር አልሰማሽም?» አላት አንዱ።

በውስጥ መስመር የመጣላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ «ግራውንድ»።

ማንም ምንም ቢጠይቀው መጀመሪያ «የግራውንዱን ገመድ፣ የመሬቱን መስመር አገናኝተሃል?» ስለሚል የወጣለት ስም ነው።

«ኮድ አልሰጥሽም» አላት። «የምትማሪበትን ግን እሰጥሻለሁ።»

የጀማሪ ቪዲዮ ላከላት... በእጁ የሳለውን የገመድ ንድፍም ላከላት።

«ሁሉንም ባንዴ አትጀምሪ እህቴ። መጀመሪያ አንዲት አምፖል ብቻ አብሪ። ቀጥለሽ ንዝረት የሚያውቀው ሴንሰር የበሩን ምት ይለይ እንደሆነ እዪ። ከዚያ አገናኚያቸው።»

አንድ ቀን ሥራው እምቢ አላት።

«አልሠራም አለኝ! ልወረውረው ነው!»

«ግራውንዱን አገናኝተሻል?»

...

«አላገናኘሁም።»

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አሁን ከኛ ወገን ሆንሽ! እስቲ የበሩን ፎቶ ላኪ፤ ሴንሰሩ የት እንደሚለጠፍ ላሳይሽ።»

ላከችለት።

ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት በር... መሃሉ ላይ አባቷ በእጃቸው የበየዷት ፀሐይ ያለችበት።

ግራውንድ ጠፋ።

ያን ቀን አልመለሰላትም። በማግስቱም።

በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ መጣች...

«አባትሽ መስማት ያቆሙት መቼ ነው?»

«ቆየ። ታላቅ ወንድሜ ከአባቴ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ምነው?»

«እንዲሁ ነው... ሴንሰሩን ከላይኛው ማጠፊያ አጠገብ ለጥፊው።»

ቅዳሜ፣ ለግራውንድ እንደነገረችው፣ ለጠፈችው። አምፖሉንም ከአባቷ ወንበር ትይዩ ሰቀለችው።

ገና ከመሰላሉ ሳትወርድ... አምፖሉ በራ።

«ምኑን ነካሽው?» አሉ አባቷ።

ምንም አልነካችም። በእጇ በሩን ጠቆመቻቸው።

ተነስተው ከፈቱ።

ደጃፉ ላይ የቆመው... ተጣልቶ የወጣው ልጃቸው ነበር።

«ከወጣሁ በኋላ ይቅርታ ልልህ መጥቼ ነበር አባዬ» አለ። «አንኳኳሁ... አንኳኳሁ... ጥላህን በመስኮት አየሁት። እየሰማህ የጨከንክብኝ መስሎኝ ሄድኩ።»

አባትየው አንዱንም ቃል አልሰሙም።

አንገቱን አቅፈው ግን አልለቅ አሉ።

ልጅቷ ከመሰላሉ ላይ ሆና ወንድሟ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አየች። የሰማያዊው በር ፎቶ ተከፍቶበታል።

«ግራውንድ...?»

እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ።

ወዳጆቼ... በር ያልከፈተልን ሰው ሁሉ ጨክኖብን አይደለም። አንዳንዱ አልሰማንም። እፍረት ደግሞ «አልሰማም» እንዳይለን ይዞታል።

እናንተስ... አንዴ አንኳኩታችሁ፣ ተቀይማችሁ የተመለሳችሁበት በር የማን ነው? ዛሬ ቢከፈትላችሁ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ?

ከታች ጻፉልኝ... አነባለሁ።